ከጋራዥ ጋራዥ ያንከራተተችኝ መኪና

ይህን የምጽፈው መኪናቸው ተሠርታ ወጥታ፣ ብዙም ሳትቆይ ያው በሽታ ለሚያገረሽባቸው ሰዎች ነው። መካኒክ አይደለሁም። ግን ሞተሯ የሚያሞቅ አሮጌ መኪና ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ ስንከራተት ስለከረምኩ፣ ገንዘቤ በየት በኩል እንደፈሰሰ ዛሬ አንድ በአንድ መናገር እችላለሁ።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች ጃፓን ሠራሽ የቤት መኪና ናት። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለምና። በዚህ ዕድሜ ያለች መኪና ቱቦዋ ይደርቃል፣ ሽቦዋ ይሰባበራል፣ ራዲያተሯ (የሞተሩ ውሃ በነፋስ የሚቀዘቅዝበት ዕቃ) ዝቃጭ ይይዛል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። የሚያበሽቀው ለአንድ በሽታ ደጋግሞ ከፍሎ አለመዳን ነው።

«ሽጫትና ተገላገይ» ያላለኝ ዘመድ የለም። መሸጡስ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ከእንግዲህ እንደማይገቡ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫው ዋጋ ዘለለ። የኤሌክትሪኩ መኪና ለእንደኔ ዓይነት ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም። እና አሮጌዋን ሸጬ በዚያው ብር የምገዛው፣ ሌላ ሰው የሰለቸውን አሮጌ መኪና ነው። የራሴን በሽታ ቢያንስ አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዳገት ነው። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንል ግን የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ይነሳል። ውሃ እጨምራለሁ፣ ይወርዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃው ጎድሎ አገኘዋለሁ። ከመኪናዋ ሥር ግን አንዲት ጠብታ የለም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ ኮፈኑን ከፈተ፣ አየት አየት አደረገ፣ «የውሃ ፓምፕ ነው፣ እህቴ» አለ። እንዴት አወቅክ ስለው፣ «ልምድ ነው» አለኝ። ፓምፑ ተገዛ፣ ተቀየረ። ለጥቂት ሳምንታት ሰላም ሆነ፣ ከዚያ ተመለሰ።

ሁለተኛው የበለጠ እርግጠኛ ነበር። «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው። ይሄ ለፈረንጅ ብርድ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ አገር አያስፈልግም» አለኝ። ይህን ወሬ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ዘግቶ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። ሙቀቱ 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል፤ ቁጥሩ ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አውጥታችሁ ስትጥሉት መርፌው ይወርዳልና ትደሰታላችሁ። ሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል። በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ገና የተነሳ እየመሰለው ቤንዚን ይጨምራል። ዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበትም አይተንም። ከዚህ የሚብስም አለ። ብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር ሲከፍት፣ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተር የሚመለስበትን ሌላ ቀዳዳ ይዘጋል። ዕቃው ከሌለ ያ ቀዳዳ እንደተከፈተ ይቀራል። ዳገት ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት፣ ከውሃው ገሚሱ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል።

እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከተማ ውስጥ ትቀዘቅዛለች፣ ዳገት ላይ ትፈላለች። የቤንዚን ወጪዬም ጨመረ።

ሦስተኛው ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን «ዳይሬክት» አደረገው። ማለትም ሙቀት ጠብቆ ይነሳ የነበረውን ፋን፣ ቁልፍ ሲዞር አብሮ እንዲነሳና እስኪጠፋ እንዲሠራ አድርጎ ሽቦ ቀጠለበት። ማታ ማታ መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ሲጨመርበት ባትሪው እየደከመ መጣ። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይንገታገታል። እናም «ባትሪ ቀይሪ» ተባልኩ። ቀየርኩ። ከዚያ «ዲናሞ ነው» መባል ተጀመረ፤ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ማለት ነው።

ዲናሞውን ከመግዛት ያተረፈኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ትንሽዬ መለኪያውን አውጥቶ ባትሪው ላይ አሳረፈ። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ ይወጣል። የእኔዋ መብራት በርቶ፣ ሞተሩ በቆመበት ሲሠራ፣ ከ13 በታች ትወርዳለች። የፋኑን ሽቦ ነቀለውና እንደገና ለካ። ወዲያው ወደ 14 ወጣ። ዲናሞው ምንም አልሆነም። ይህን መለኪያ ማንም ሰው ገዝቶ መኪናው ውስጥ ሊይዘው ይችላል፤ የአንድ ቀን የጋራዥ ክፍያ አያክልም።

ያለ ጭቅጭቅ ላሳጥረው፦ በመጨረሻ ነገሩ ወደ ቴስታታ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሄደ። ደጋግማ ስለፈላች በቴስታታውና በታችኛው የሞተር አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ «ጋስኬቱ ተቃጥሏል» ተባለና ቴስታታው ወረደ። ከባድ ወጪ ነው። የወረደውን ጋስኬት ልየው ስል «ተጥሏል» አሉኝ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ መጣመም አለመጣመሙ ተለክቶ እንደሆን ስጠይቅ ደግሞ አንዱ ሌላውን አየ።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ነበረብኝ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን የአባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ፣ ያንኑ መልሰህ ትወጣለህ፤ ታች ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ሽቅቡን አጋምሼ ሳልጨርስ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ። አንድ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ እየሮጠ መጥቶ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ሾፌሩ «ተው! ፊትህን ነው የሚልጥህ!» ብሎ ጮኸበት። እውነቱን ነው። በግፊት የተያዘ የፈላ ውሃ ክዳኑ ሲላላ ይፈነዳል። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ላይ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል። አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ እጅ ሲያስቀምጡበት እስኪቻል መጠበቅ ነው። መርፌው ገና መነሳት ሲጀምር ከሆነ ግን የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ይረዳል። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። እናንተ ትቀቀላላችሁ፣ ሞተሩ ግን ሊተርፍ ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ አንድ አረጋዊ መካኒክ ጋ ላከችኝ። ጋራዣቸው ጠባብ ናት። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ። «ልጄ፣ የምትሞቀው ቆማ ነው ስትሄድ? ውሃ ትጨምሪያለሽ? በስንት ጊዜው? ማሞቂያው ይሠራል?» እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገሩ ቀላል ነው። ቆማ የምታሞቅና ስትሄድ የምትቀዘቅዝ መኪና መጀመሪያ የሚጠረጠርባት ፋኗ ነው፤ ስትሄድ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራላታልና። ዳገት ላይ ወይም ፈጠን ስትል የምታሞቅ ከሆነ ግን የውሃው መጠን፣ ግፊቱ፣ ዝውውሩ ወይም የራዲያተሩ መዘጋት ነው የሚጠረጠረው።

ከዚያ ዋጋ ነገሩኝ። ለጥገና አይደለም። ለማየት!

«ለማየት ብቻ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«አዎ። ምንም ባላገኝም ትከፍያለሽ» አሉኝ።

ከፈልኩ። ጎማ መንፊያ የመሰለ፣ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ አወጡ። ሞተሩ ቀዝቅዟል። የራዲያተሩን ክዳን አንስተው ፓምፑን ቦታው ላይ ገጠሙና ግፊት ሰጡት። መርፌው ቆመ። ጠበቅን። መርፌው በጣም ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። መብራት ይዘው ገቡና ከሞተሩ ጀርባ፣ ወደ ውስጥ ማሞቂያው የሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ማሰሪያው ሥር፣ እንደ ላብ የወጣ እርጥበት አሳዩኝ። ቱቦው ተሰንጥቋል። ውሃው የሚወጣው ግፊት ሲኖር ብቻ ነው፤ ወጥቶም የጋለ ብረት ላይ ስለሚያርፍ መሬት ሳይደርስ ይተናል። መሬት ላይ ጠብታ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ቀጥለው ክዳኑን ራሱን በዚያው መሣሪያ ፈተኑት። አናቱ ላይ 0.9 ይላል፤ ሊይዝ የሚገባው ግፊት ነው። ከዚያ ግማሹን እንኳ ሳይይዝ ለቀቀ።

ክዳን ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል? በተለይ እዚህ ከተማ ያስቸግራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ 92 አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ 0.9 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ከደከመ ወይም የሆነ ቦታ ከተሰነጠቀ ግፊቱ የለም፣ ውሃውም ወደ 92ቱ ይመለሳል። በብዙ መኪና ላይ ፋኑ የሚነሳው ደግሞ 90ን አለፍ ሲል ነው። አስቡት፤ ፋኑ ገና ሊነሳ ሲል ውሃው መፍላት ጀምሯል! ጅቡቲ ያለ ሰው በዚያው ክዳን ቢነዳ ትንሽ ፋታ ያገኛል፣ እኛ አናገኝም።

የተሠራው ይህ ነው። ቱቦው ተቀየረ። አዲስ ክዳን፣ ቁጥሩ የመኪናዋ የሆነ፣ ተገዛ። ቴርሞስታቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፋኑ ወደ ራሱ መቆጣጠሪያ ተመለሰ። በቧንቧ ውሃ ፋንታ ኩላንት፣ ማለትም ለሞተር ማቀዝቀዣ የተሠራው ፈሳሽ፣ ተሞላ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የቴስታታው ሥራ ከበላው ብር ጎን ሲቀመጥ የሚያሳፍር ነው።

እነዚያን የመጀመሪያዎቹን መካኒኮች ሌባ ናቸው ማለት አልፈልግም። አንዱ ምናልባት። የቀሩት ግን የሚሠሩት በእኛ ሕግ ነው። እኛ ባለመኪናዎች ለማየት አንከፍልም። «አይተህ ንገረኝ» እንላለን፣ በነጻ። ስለዚህ መካኒኩ እንጀራው የሚበስለው ዕቃ ሲቀየር ብቻ ነው፦ ከእጅ ዋጋው፣ አንዳንዴም ዕቃ ሻጩ ከሚጥልለት ኮሚሽን። አንድ ሰዓት ሙሉ ለክቶ፣ ጠብቆ፣ «ክዳን ነው» ቢለን አመስግነን ክዳን ገዝተን እንሄዳለን። እሱ ምን በላ? እንግዲህ «ፓምፕ ነው» ቢል ይገርማል? በነጻ ማየት ከምንም በላይ ያከሰረኝ ነገር ነው።

አሁን ጋራዥ ስገባ መጀመሪያ የማነሳው የምርመራ ዋጋ ነው። ምርመራው ለብቻ፣ ጥገናው ለብቻ። ስልክ ደውዬ ደግሞ መሣሪያ እጠይቃለሁ፤ ለሚያሞቅ መኪና የግፊት መፈተሻው አላችሁ ወይ፣ ለጋስኬት ጥርጣሬ ሰማያዊው ፈሳሽ አላችሁ ወይ እላለሁ። ይህ ፈሳሽ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር ያሳልፉበታል፤ ከሲሊንደሩ ያመለጠ ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ሳይወርድ የሚታወቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ራሳችሁም የምታዩት ምልክት አለ፦ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ፣ ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ የማይቆም አረፋ። ክዳኑ ሥር ያለው አረፋ ብቻውን አይበቃም፤ አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪናም በእርጥበት ታመጣዋለች።

ሁለተኛው ልማዴ አሮጌውን ዕቃ መውሰድ ነው። ሥራው ሳይጀመር «የወጣውን ይዤ እሄዳለሁ» እላለሁ። አንዳንዱ ፊቱን ያጠቁራል። ያጥቁር። ዕቃው መቀየሩን አያለሁ፣ ለሚቀጥለው መካኒክም አሳየዋለሁ። ደብተርም አለኝ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን ተቀየረ፣ በስንት፣ ማን ጋ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ባለፈው ዓመት ያንኑ የውሃ ፓምፕ ድጋሚ ሊያስገዛኝ የነበረ ሰው ነበር።

ዕቃ ግዢን በተመለከተ፣ ሱማሌ ተራ የማይገኝ ነገር የለም፤ ሌሊት የተነቀለብህን ስፖኪዮም ጠዋት እዚያው ታገኘዋለህ ብለው ይቀልዳሉ። ችግሩ መለየቱ ላይ ነው። «ኦርጅናል ነው፣ እናት» የማይል ሻጭ የለም፤ ሳጥኑም ከኦርጅናሉ በላይ ያምራል። እኔ የተነቀለውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቁጥሩን ከቁጥሩ አመሳክራለሁ፣ ክብደቱን በእጄ እመዝናለሁ። የማይሠራ ከሆነ መመለስ እንደምችል ደረሰኙ ላይ አስጽፋለሁ። ቴርሞስታት ስገዛ ቤት ውስጥ ድስት ውሃ ላይ አንጠልጥዬ አሞቀዋለሁ። 82 የሚለው ውሃው ከመፍላቱ በፊት መላቀቅ መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ ግን አትመልሱት፤ የአዲስ አበባ ድስት 92 ላይ ይቆማል፣ ብዙው ቴርሞስታት ደግሞ ሙሉ ለመከፈት ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገውን ምርመራ ማለፍ የሞተር ጤንነት ማስረጃ አይደለም። እዚያ የሚታየው በዋናነት ለመንገድ ደኅንነት የሚያስፈልገው ነው፤ ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ጭስ። የእኔዋ በበሽታዋ መካከል አልፋለች። «አምና ቦሎ አልፋለች» እያለ የሚሸጥላችሁን ደላላ በዚህ ልክ ስሙት።

መኪናዋ አሁን ትሠራለች። አባይ በረሃን ከዚያ ወዲህ ተሻግሬባታለሁ፣ መርፌው መሃል ላይ ቆሞ። ከባሌ ጋር ግን አንድ ውል ገብተናል። ቴስታታው እንደገና ይውረድ ከተባለ፣ በሰማያዊው ፈሳሽ ተፈትኖ እውነት ከሆነ፣ ሁለተኛ አንከፍተውም። ያገለገለ ሞተር ዋጋ እንጠይቃለን። የሞተሩ ዋጋና የእጅ ዋጋው ተደምሮ መኪናዋ ከምታወጣው ሲሶ ካለፈ፣ ደብተሩን ከነችግሯ ለገዢው አሳይቼ እሸጣታለሁ።